ጋንዲ፦ ከሐር ባርኔጣ እስከ እጅ ፈትል ሽርጥ

ማህተማ ጋንዲ ሲነሱ በአብዛኛው ሰው ህሊና የሚመጣው ምስል አንድ ነው፤ ክብ መነጽር ያደረጉ፣ አጭር ነጭ ሽርጥ ያገለደሙ፣ በትር የያዙና ነጠላ ጫማ የተጫሙ ቀጭን አዛውንት። ይሁን እንጂ ይህ መልክ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ወይም በአንድ ጀምበር ውሳኔ የተገኘ አልነበረም። የሕንድ የነጻነት ትግል መሪ ወደዚህ አለባበስ የደረሱት ከ1888 እስከ 1921 ባሉት 33 ዓመታት ውስጥ የሐር ባርኔጣ፣ ረጅም ኮት፣ ጥምጥም፣ የቀን ሠራተኛ ልብስና ቆብ በየተራ እየሞከሩ፣ ከፊሉን እያስቀሩና ከፊሉን እየጣሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

የጋንዲን የአለባበስ ታሪክ ከተራ የፋሽን ወሬ የሚለየው ከጀርባው ያለው ጥያቄ ነው። ልብሱን ማን ፈተለው፣ ማን ሸመነው፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ገንዘቡስ ወደማን ኪስ ይገባል የሚሉትን ጥያቄዎች ደጋግመው ያነሱ ነበር። ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጧቸው ምላሾች ቤተሰባቸውን ያስጨነቁ፣ ወዳጆቻቸውን ያከራከሩ፣ በመጨረሻም የአንድን ታላቅ ኢምፓየር የጨርቃ ጨርቅ ገበያ የተፈታተኑ ሆነዋል።

የለንደኑ ወጣት

ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ የተወለዱት ጥቅምት 2 ቀን 1869 በምዕራብ ሕንድ ጉጃራት በምትገኘው የወደብ ከተማ ፖርባንዳር ነው። አባታቸው ካራምቻንድ ጋንዲ የአካባቢው ትንሽ ግዛት ዋና ሚኒስትር ነበሩ። እናታቸው ፑትሊባይ ጾምና ጸሎት የሚያዘወትሩ ሃይማኖተኛ ሴት እንደነበሩ ይነገራል። ጋንዲ በአገሩ ልማድ መሠረት ገና በ13 ዓመታቸው ካስቱርባን አግብተዋል። አባታቸው በ1885 ካረፉ በኋላም ቤተሰቡ ልጁ ሕግ ተምሮ የአባቱን ቦታ እንዲይዝ በማሰብ ወደ እንግሊዝ ሊልካቸው ወሰነ።

ጉዞው ግን ቀላል አልነበረም። የጎሳቸው ሽማግሌዎች ባሕር መሻገር ከሃይማኖት ሥርዓት ጋር ይጋጫል በማለት ቦምቤይ ላይ ከማኅበሩ አወገዟቸው። እናታቸው በበኩላቸው ሥጋ እንዳይበሉ፣ መጠጥ እንዳይቀምሱና ከሴት እንዲርቁ መሐላ ካስገቧቸው በኋላ ፈቀዱላቸው። መስከረም 4 ቀን 1888 ከቦምቤይ ወደብ የተነሱት ወጣት በሻንጣቸው ውስጥ ለለንደን ይሆናል የተባለ አዲስ ልብስ ይዘው ነበር። ከረባት ማሰር አያውቁም ነበር፤ አጭሩ ኮትም ለዓይናቸው ነውር መስሎ ይታያቸው ነበር።

በመርከቡ ላይ ጥቁሩን ልብስ ለብሰው ከቆዩ በኋላ ነጩን የፍላኔል ልብሳቸውን ለመውረጃቸው ቀን አስቀመጡት። ሳውዝሃምፕተን ሲደርሱ ግን ጊዜው የመስከረም መጨረሻ፣ የበልግ ብርድ የገባበት ወቅት ስለነበር ከተሳፋሪው ሁሉ ነጭ የለበሱት እርሳቸው ብቻ ሆነው ተገኙ። ዕለቱ ቅዳሜ በመሆኑና ጓዛቸውም ከነቁልፉ በወኪል እጅ ስለነበር እስከ ሰኞ ድረስ በዚያው ልብስ ለመቆየት ተገደዱ። በዚያው ምሽት ሊጠይቋቸው የመጡት ሐኪም ፕራንጂቫን ሜህታ ያስቀመጡትን ረጅም ባርኔጣ አንስተው ጸጉሩን ወደ ኋላ በማሻሸት አጎሳቆሉት። ሜህታም የሰው ዕቃ መንካት እንደማይገባ ገሰጿቸው። ይህም ለወጣቱ የመጀመሪያው የአውሮፓ ሥነ ምግባር ትምህርት ሆነ።

ጋንዲ በመሐላቸው ጸንተው ሥጋ ባለመብላታቸው የአገሬው ሰው ዘንድ እንግዳ ሆነው ታዩ። ይህን ጉድለት በሌላ መንገድ ለማካካስ በማሰብ ፍጹም እንግሊዛዊ ጨዋ ለመሆን ተነሱ። በቦምቤይ የተሰፋውን ልብስ ትተው አዲስ ገዙ፤ ለአንድ የሐር ባርኔጣ 19 ሺሊንግ፣ በቦንድ ጎዳና ለተሰፋ የምሽት ልብስ ደግሞ 10 ፓውንድ ከፈሉ። ወንድማቸውን ጠይቀው ባለ ሁለት ዘርፍ የወርቅ የሰዓት ሰንሰለት አስላኩ። በአገራቸው መስታወት የሚታየው ጸጉር ቆራጩ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ በለንደን ግን በየቀኑ አሥር ደቂቃ በትልቅ መስታወት ፊት ቆመው ከረባት ያስተካክሉና ጸጉራቸውን ይከፍሉ ጀመር። ለዳንስ ትምህርት 3 ፓውንድ ከፈሉ፣ በ3 ፓውንድ ቫዮሊን ገዙ፣ የንግግር ጥበብ አስተማሪም ቀጠሩ።

ሙከራው የዘለቀው ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። እግራቸው ከፒያኖው ምት ጋር አልስማማ አለ፤ ቫዮሊኑም ለመምህራቸው ተመልሶ እንዲሸጥ ተሰጠ። የዕድሜ ልክ እንግሊዛዊ ለመሆን እንዳልመጡና ባሕርያቸው ጨዋ ካላደረጋቸው ልብስ ብቻውን እንደማያደርጋቸው ተረዱ። የልብስ ንጽህናና ጥንቃቄያቸው ግን ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት አብሯቸው ቆይቷል።

የሒሳብ መዝገቡ

ከዚያ የለንደን ዘመን የተረፈው ትልቁ ሀብት ባርኔጣው ሳይሆን የሒሳብ መዝገብ ነው። ጋንዲ ያወጧትን እያንዳንዷን ሳንቲም፣ የሠረገላ መሳፈሪያን፣ የፖስታ ቴምብርንና የጋዜጣ ዋጋን ጭምር ይመዘግቡ ነበር። ማታ ከመተኛታቸው በፊትም ገቢና ወጪውን ያመሳክራሉ። መዝገቡን ሲመረምሩ ወንድማቸው በችግር የሚልኩት ገንዘብ በከንቱ እየባከነ መሆኑን አዩ። በመሆኑም ከሰው ቤት ወጥተው በአንድ ክፍል መኖር ጀመሩ። ጠዋት የአጃ ገንፎ በራሳቸው ምድጃ ያበስላሉ፤ በሠረገላ ፈንታ በቀን ከ8 እስከ 10 ማይል በእግራቸው ይሄዳሉ። በፋሪንግዶን ጎዳና ያገኙት ሥጋ የማይሸጥበት ምግብ ቤትም የለንደን ኑሯቸው ትልቁ ግኝት ሆነላቸው፤ እናታቸው ያስገቧቸውን መሐላ ሳያፈርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግበው የበሉት እዚያ ነውና።

ይህ ልማድ በኋላ ዘመን ለሕዝብ አገልግሎታቸው መሠረት እንደሆነ የሕይወት ታሪካቸው ያስረዳል። ብዙ መቶ ሺህ ሩፒ የሚደርስ የሕዝብ መዋጮ በእጃቸው ሲያልፍ በመሯቸው ንቅናቄዎች ዕዳ ሳይሆን ተራፊ ሒሳብ ይመዘገብ ነበር። ለጋንዲ ደረሰኝ የሌለው የሕዝብ ገንዘብ እምነት ማጉደል ነው፤ መጠኑ ማነሱም ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በደቡብ አፍሪካ፦ ጥምጥም፣ ኮሌታና ጫማ

ሰኔ 10 ቀን 1891 ለጥብቅና የበቁት ጋንዲ ወደ ሕንድ ተመልሰው ሥራ ቢጀምሩም አልተሳካላቸውም። በ1893 የአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ድርጅትን ጉዳይ ለመከታተል ወደ ደቡብ አፍሪካ አቀኑ። ደርባን በገቡ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በረጅም ኮትና በጥምጥም ወደ ፍርድ ቤት ሲገቡ ዳኛው ጥምጥማቸውን እንዲያወልቁ አዘዟቸው። እርሳቸው ግን ከማውለቅ ችሎቱን ለቀው መውጣትን መረጡ። ለጊዜው ጥምጥሙን በእንግሊዝ ባርኔጣ ለመተካት አስበው እንደነበር ይነገራል። አሠሪያቸው ዳዳ አብዱላ ግን በዚያ አገር ባርኔጣ የሚያደርገው ሕንዳዊ የሆቴል አስተናጋጅ ስለሆነ ክብራቸውን እንደሚያጡና ሌሎች ጥምጥማቸውን ለመጠበቅ የሚያደርጉትን ጥረት እንደሚያዳክሙ መከሯቸው። ምክሩን ተቀበሉ፤ ስለጉዳዩም ለጋዜጣ ጽፈው ክርክር አስነሱ። ብዙም ሳይቆይ የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዘው ሳለ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት ከባቡር ፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ላይ ተገፍትረው ወረዱ። ይህ ዕለት የፖለቲካ ሕይወታቸው መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል።

በደቡብ አፍሪካ ቆይታቸው የጋንዲ ሙከራ ወደ ቤት ውስጥ ሥራ ተሸጋገረ። የአጣቢ ክፍያ ስለከበዳቸው የልብስ አስተጣጠብ መጽሐፍ ገዝተው ራሳቸው ማጠብ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ኮሌታ ሲተኩሱ አሚዶውን አብዝተው፣ ካውያውንም ሳያሞቁ ቀሩና በችሎት አዳራሽ ውስጥ አሚዶው ከአንገታቸው ይፈረፈር ጀመር። የሙያ ባልደረቦቻቸው ሳቁባቸው፤ እርሳቸው ግን አላፈሩም። በፕሪቶሪያ አንድ እንግሊዛዊ ጸጉር ቆራጭ ጥቁር ወይም ሕንዳዊ አልቆርጥም ብሎ ሲመልሳቸውም ቶንዶስ ገዝተው በመስታወት ፊት ራሳቸውን ቆረጡ። የፊቱ እንደምንም ሲያምር የኋላው ግን ተበላሽቶ አይጥ የበላው መስሎ ነበር። ሆኖም ጸጉር ቆራጩ ላይ አልተቆጡም፤ ሕንዳውያንም በአገራቸው ዝቅ ያለ ጎሳ የሚሉትን ወገናቸውን እንደዚያው ያገሉ እንደነበር ያስታውሱ ነበር።

ይህ የእጅ ሥራ ቆይቶ ክብር አገኘ። በ1912 የሕንድ ታዋቂ ፖለቲከኛ ጎፓል ክሪሽና ጎካሌ ደቡብ አፍሪካን ሲጎበኙ ከመምህራቸው ማሃዴቭ ጎቪንድ ራናዴ በስጦታ ያገኙትንና ለታላላቅ በዓላት ብቻ የሚለብሱትን የአንገት ልብስ ጆሃንስበርግ ላይ ለተዘጋጀ ግብዣ መተኮስ አስፈለጋቸው። ጎካሌ ጋንዲን በጠበቃነታቸው እንጂ በካውያ አያምኗቸውም ነበር። በመጨረሻ ግን የተተኮሰው ልብስ አስደሰታቸው።

ሁሉም ሙከራ ግን የሚያስመሰግን አልነበረም። ጋንዲ በ1896 መጨረሻ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲመለሱ ቤተሰቡ ሠልጥኖ እንዲታይ በመሻት የፓርሲዎችን አለባበስ አስለበሷቸው። ለካስቱርባ የፓርሲ ሳሪ፣ ለልጆቹ ኮትና ሱሪ ተገዛ። ጫማና ካልሲ ለብሰው የማያውቁት እግሮች ተላጡ፣ በላብ ሸተቱ፤ በሹካና በቢላዋ መብላትም ጭንቅ ሆነባቸው። ቤተሰቡ ሳይወድ የታዘዘው በእርሳቸው ሥልጣን ብቻ ነበር። ጋንዲ ይህን ድርጊት በኋላ ተጸጽተውበታል፤ ቤተሰቡም ያን ሁሉ አውልቆ ሲጥል ሸክም እንደወረደለት ሆኖ ነበር።

ጥር 13 ቀን 1897 ከመርከብ ሲወርዱ ደግሞ የተቆጡ ነጮች በድንጋይና በዱላ ደበደቧቸው። በመንገድ ያገኟቸው የፖሊስ አዛዡ ባለቤት ወይዘሮ አሌክሳንደር በጃንጥላቸው ከልለው አዳኗቸው። ማታ የተጠለሉበት ቤት በተከበበ ጊዜም ጋንዲ የሕንዳዊ ፖሊስ ልብስ ለብሰው፣ በራሳቸው ላይ እንደ ቆብ የሚያገለግል ሳህን አድርገው በማድራስ ሻሽ ጠምጥመው በስውር ወጡ። በልብስ ታሪካቸው ውስጥ ሕይወት ያተረፈ ልብስ ይህ ብቻ ነው።

በ1910 ወዳጃቸው አርክቴክት ኸርማን ካለንባህ በጆሃንስበርግ አቅራቢያ 1,100 ኤከር መሬት ሰጥተው የቶልስቶይ እርሻ ተቋቋመ። ካለንባህ ከካቶሊክ መነኮሳት ገዳም የነጠላ ጫማ አሠራር ተምረው መጡና ለጋንዲ አስተማሩ። የእርሻው ነዋሪዎችም ለራሳቸው ተጫምተው የተረፈውን ይሸጡ ጀመር። ጋንዲ በሐምሌ 1914 ከደቡብ አፍሪካ ሲወጡ ያሰሯቸውን ጄኔራል ያን ስመትስን የተሰናበቱት በገዛ እጃቸው በሠሩት አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ነው። ስመትስም ለብዙ በጋ ተጫምተውት ከቆዩ በኋላ በ1939 የጋንዲን 70ኛ ዓመት ልደት ምክንያት በማድረግ መልሰው ልከውታል።

በዚያው ጉዞ በመርከብ ላይ ሳሉ ካለንባህ እጅግ የሚወዱት የርቀት መነጽር ነበራቸው፤ ዋጋውም 7 ፓውንድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ዕቃ መያዝ ከመረጡት ቀላል ኑሮ ጋር ይስማማል ወይ በሚለው ላይ ሁለቱ ወዳጆች በየቀኑ ይከራከሩ ነበር። በመጨረሻም ተስማምተው መነጽሩን ወደ ባሕር ወረወሩት።

ከአልባሳት ለውጦቻቸው ሁሉ ከባዱ ግን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የተደረገው ነው። በ1913 በውል የተቀጠሩ ሕንዳውያን ሠራተኞች አድማ ሲመቱ በተከፈተባቸው ተኩስ ሰዎች ሞቱ። ጋንዲ ከእስር ሲለቀቁ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ የአውሮፓ ልብሳቸውን አውልቀው፣ በባዶ እግራቸው እንደነዚያ ሠራተኞች በሽርጥና በረጅም ሸሚዝ በሕዝብ ፊት ታዩ። ለሞቱት የለበሱት የሐዘን ልብስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከጥቂት አጋጣሚዎች በቀር ወደ ጠበቃ ልብሳቸው አልተመለሱም።

መዘውሩ የተገኘበት መንገድ

ጥር 9 ቀን 1915 ቦምቤይ የገቡት ጋንዲ የካቲያዋር ገበሬ ወግ የሆነውን ሸሚዝ፣ ዶቲ የተሰኘውን ሽርጥ፣ ካባ፣ የአንገት ልብስና ጥምጥም ለብሰው ነበር። አገሪቱን ለማወቅ በሦስተኛ ማዕረግ ባቡር መዞር ሲጀምሩ ካባውና የአንገት ልብሱ በተጨናነቀው ፉርጎ ውስጥ ሸክም ሆኑባቸው። ሁለቱንም ትተው ከ8 እስከ 10 አና የሚያወጣ የካሽሚር ቆብ ገዙ። በኋላ በ1920 አካባቢ በስማቸው የተጠራው ነጭ ቆብ ከዚሁ የቀለለ አለባበስ ፍለጋ የወጣ ነው። ቆቡ የነጻነት ታጋዮች ምልክት ሲሆን እርሳቸው ራሳቸው ያደረጉት ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር።

በ1917 በቢሃር ክፍለ ሀገር ቻምፓራን የኢንዲጎ ገበሬዎችን አቤቱታ ሲያጣሩ ካስቱርባ የመንደሩን ሴቶች ልብሳቸውን እንዲያጥቡ ለመምከር ሄዱ። አንዲት ሴት ወደ ጎጆዋ አስገብታ የለበሰችው አንድ ሳሪ ብቻ እንደሆነና ስታጥበው የምትቀይረው ሌላ እንደሌላት አሳየቻቸው። ጉዳዩ ለጋንዲ ከንጽህና ትምህርት አልፎ የኢኮኖሚ ጥያቄ ሆነ። ሕንድ ጥጧን ለእንግሊዝ ፋብሪካዎች እየሸጠች ጨርቁን መልሳ ትገዛለች፤ ገበሬው ደግሞ በዓመት ለብዙ ወራት ያለ ሥራ ይቀመጣል። የጠፋው የቤት ውስጥ ፈትል ቢመለስ የገጠሩ ቤተሰብ ጥቂትም ቢሆን ገቢ ያገኛል የሚል እምነት አደረባቸው።

ችግሩ የሚፈትል ሰው መጥፋቱ ነበር። በአህመዳባድ ሳባርማቲ ወንዝ ዳር በመሠረቱት ማኅበር የሽመና ዕቃ ቢተከልም ክሩ የፋብሪካ ነበር። በእናቶቿ እንዝርት ለምትኮራው ኢትዮጵያ ይህ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ በዚያን ጊዜ በጉጃራት ግን መዘውሩም ፈታዩም ከዓይን ርቀው ነበር። ጋንጋቤን ማጅሙንዳር የተባሉ ሴት ለማፈላለግ ቃል ገብተው ከብዙ ድካም በኋላ በባሮዳ ግዛት ቪጃፑር በምትባል ቦታ በየቤቱ ቆጥ ላይ የተጣሉ መዘውሮችን አገኙ። ሴቶቹም ባዘቶ የሚያቀርብላቸውና ክሩን የሚገዛቸው ካለ እንደሚፈትሉ ተናገሩ። ባዛች ተቀጠረ፣ ልቃቂቱ ወደ ሳባርማቲ ይጎርፍ ጀመር፣ የጋንዲ ዘመድ ማጋንላልም መዘውሩን አሻሻሉት።

በእጅ ተፈትሎ በእጅ የሚሸመነው ይህ ጨርቅ ካዲ ይባላል። የመጀመሪያው ምርት በያርድ 17 አና ስለፈጀ ውድ ነበር፤ ወርዱም ጠባብ ነበር። ጋንዲ በአንድ ወር ውስጥ ባለ 45 ኢንች ወርድ ዶቲ ካላቀረቡላቸው በጠባቡና በአጭሩ እንደሚወጡ ለጋንጋቤን አስታወቁ። ጋንጋቤንም ከቀነ ገደቡ በፊት አደረሱላቸው።

ሐምሌ 31 ቀን 1921 ቦምቤይ ውስጥ የውጭ ጨርቅ ተከምሮ ተቃጠለ። ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ድሃ በተራቆተበት አገር ልብስ ማቃጠልን አጥብቀው ነቀፉ፤ መዘውሩም የአገሪቱን ችግር ሁሉ ይፈታል መባሉን አልተቀበሉም። ክርክሩ በሁለቱ ወዳጆች መካከል በግልጽ ተካሄደ። ጋንዲ ግን ወደ ማዱራይ በባቡር ሲጓዙ ካዲ የማይለብሱ ተሳፋሪዎችን ምክንያታቸውን ቢጠይቁ ለመግዛት አቅም የለንም የሚል መልስ አገኙ። እርሳቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው ሌላውን የውጭ ጨርቅህን ጣል ማለት እንደማይችሉ ተረዱ። መስከረም 22 ቀን 1921 ማዱራይ ላይ ሸሚዛቸውንና ቆባቸውን አውልቀው በአጭር የካዲ ሽርጥ ብቻ ወጡ። መጀመሪያ ያሰቡት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ዘለቀ።

ይህ ምርጫ ለሁሉም ሕንዳዊ የሚሆን አልነበረም። ከተገለሉት ጎሳዎች የተወለዱት የሕግ ሊቅ ቢምራኦ አምቤድካር በተቃራኒው ዘወትር ሱፍና ከረባት ለብሰው ይታዩ ነበር። ለዘመናት እንዳይለብስ የተከለከለ ወገን ልጅ ሙሉ ልብስ መልበሱ ራሱ የእኩልነት ጥያቄ ተደርጎ ታይቷል። ባለቅኔዋና ታጋይዋ ሳሮጂኒ ናይዱም የጋንዲን ድህነት ለመጠበቅ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ መሆኑን እየጠቀሱ በወዳጅነት ይቀልዱባቸው ነበር።

ጋንዲ ግን መዘውሩን ከማሻሻል አልቦዘኑም። በ1925 የመላው ሕንድ ፈታዮች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1929 ማኅበሩ የተሻለ መዘውር ለሚሠራ ሰው የ100 ሺህ ሩፒ ሽልማት አቀረበ። በየራቭዳ እስር ቤት ሳሉም በሳጥን ውስጥ ታጥፎ የሚያዝ ተንቀሳቃሽ መዘውር እንዲዳብር አደረጉ። በ1930 ደግሞ ማንም ቤት የማይጠፋውን ጨው የትግል መሣሪያ አድርገው ከ78 ተከታዮቻቸው ጋር 241 ማይል በእግራቸው ተጉዘው ሚያዝያ 6 ቀን ዳንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ የጨው ሕግን ጣሱ።

በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ

በ1931 ጋንዲ ለክብ ጠረጴዛው ጉባኤ ወደ ለንደን ተጓዙ። አጃቢዎቻቸው ለጉዞው የያዙት ጓዝ መብዛቱን ሲያዩ ተቆጥተው አብዛኛውን ሻንጣ ከኤደን ወደብ ወደ ሕንድ አስመለሱ። ለንደን ሲደርሱም በሆቴል ፈንታ በከተማዋ ምሥራቃዊ የድሆች ሰፈር በሚገኘው ኪንግስሊ ሆል አረፉ። ኅዳር 5 ቀን 1931 ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በቤተ መንግሥት ባዘጋጁት የሻይ ግብዣ ላይ የተገኙት በሽርጥ፣ በነጠላና በነጠላ ጫማ ነው። ከ43 ዓመታት በፊት ወደዚያችው ከተማ የሐር ባርኔጣ ፍለጋ የገቡት ሰው ለንጉሥ ሲሉ ልብሳቸውን አልለወጡም። እንደ ዊንስተን ቸርችል ያሉ ፖለቲከኞች በዚህ አለባበስ ተሳልቀዋል።

ከቤተ መንግሥቱ ጉብኝት ይልቅ የሚከብደው ግን በመስከረም ወር ወደ ላንክሻየር ያደረጉት ጉዞ ነው። በዳርወን ከተማ የነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች የሕንድ ገበያ በመቀዝቀዙ ከሥራ የተፈናቀሉ ነበሩ። ጋንዲ ለዚያ ችግር በከፊል ምክንያት መሆናቸውን ሳይሸሽጉ በአገራቸው ያለውን የከፋ ድህነት አስረዷቸው። ሠራተኞቹም በጥላቻ ሳይሆን በደስታ ተቀብለዋቸው አብረዋቸው ፎቶግራፍ ተነስተዋል።

የዕለት ዕቃዎቻቸውም ታሪክ ያላቸው ናቸው። በወገባቸው ላይ የምትንጠለጠለው የኪስ ሰዓት ከሁሉም ይበልጥ ትታወቃለች፤ ቀጠሮ ማሳለፍን የሰው ጊዜ መስረቅ አድርገው ያዩት ነበርና። የተላከላቸውን ደብዳቤ ፖስታ ከፍተው በውስጠኛው ገጽ ይጽፉበታል፤ እርሳስንም እጅ ሊይዘው እስከማይችል ድረስ ይጠቀሙበታል። ከእንጨት ማንኪያና ከብረት ሳህን ይመገባሉ። አጠገባቸው ይቀመጥ ከነበረው ጌጥ የሚታወቀው ክፉ አላይም፣ አልሰማም፣ አልናገርም የሚሉትን ሦስት ዝንጀሮዎች የሚያሳየው ትንሽ ቅርጽ ብቻ ነው።

እንግሊዛዊቷ ተከታያቸው ሚራቤን የሰጧቸው የእግር መፋቂያ ድንጋይ ደግሞ በሳሙና ፈንታ ለብዙ ዓመታት አገልግሏቸዋል። በ1947 መጀመሪያ በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል ደም በፈሰሰበት ኖአካሊ በባዶ እግራቸው ከመንደር ወደ መንደር ሲዞሩ የምትንከባከባቸው የዘመዳቸው ልጅ ማኑ ድንጋዩን ባደሩበት ቤት ረሳችው። ጋንዲ ብቻዋን ተመልሳ እንድታመጣ አደረጓት። ልጅቷ በፍርሃት ተመልሳ ተጥሎ አገኘችውና አምጥታ ሰጠቻቸው። ለአንድ ድንጋይ ያን ያህል መጨከን ይገባ ነበር ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል።

ጥር 30 ቀን 1948 ከሰዓት በኋላ ጋንዲ በኒው ዴልሂ ቢርላ ቤት ከቫላብባይ ፓቴል ጋር ሲነጋገሩ ለጸሎት ጉባኤው ጥቂት ደቂቃዎች ዘገዩ። ተቻኩለው ወደ ጸሎቱ ስፍራ ሲያመሩ ናቱራም ጎድሴ የተባለ ሂንዱ አክራሪ ተኩሶ ገደላቸው። ዕድሜያቸው 78 ዓመት ነበር።

የጋንዲ ስም በአዲስ አበባ በሚገኘው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጭምር ይታወሳል። ጥለዋቸው ያለፉት ጥቂት ዕቃዎች ግን ያላሰቡት ገበያ ውስጥ ገብተዋል። መጋቢት 5 ቀን 2009 መነጽራቸው፣ ነጠላ ጫማቸው፣ የኪስ ሰዓታቸው፣ ጎድጓዳ ሳህናቸውና ዝርግ ሳህናቸው ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ 1 ነጥብ 8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠዋል። በነሐሴ 2020 ደግሞ የእርሳቸው መሆኑ የተነገረ አንድ መነጽር በእንግሊዝ ብሪስቶል 260 ሺህ ፓውንድ አውጥቷል። በሕንድ ሰንደቅ ዓላማው ለረጅም ዘመን በእጅ ፈትል ጨርቅ ብቻ እንዲሠራ ሲደነገግ ቆይቶ በታኅሣሥ 2021 መጨረሻ በማሽን የተሠራና የፖሊስተር ጨርቅ እንዲፈቀድ ሕጉ ተሻሽሏል።

በዴልሂ የሚገኘው ብሔራዊ የጋንዲ ሙዚየም በተገደሉበት ዕለት የለበሱትን ደም የነካው ልብስ ያሳያል። ልብሱ በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ካዲ ነው፤ ጌጥ የለውም፣ ጥለት የለውም። የአንድ ተራ የመንደር ሰው ልብስ ነው።